በአደጋ ለተጎዳ ሰው የሚገባ ጠባይ

አንባቢ ሆይ፤ የእስራኤል ንጉሥ አካዝያስ በሰማርያ ከተማ ከቤቱ ሰገነት ወድቆ እጅግ እንደ ተጎዳ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ እናገኛለን። ይህ ሰው በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ምን አደረገ? መልእክተኞችን ወደ አቃሮን ሰድዶ፥ ይድን ወይም አይድን እንደ ሆነ ጣዖትን አስጠየቀ። ስለዚህም ነቢዩ ኤልያስ ገሠጸው፤ ንጉሡም ከዚያ አልጋ ሳይነሣ ሞተ። ከመውደቁ ይልቅ ከወደቀ በኋላ ያደረገው ነገር ጎዳው።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። ዛሬም መኪና ሲገጨን ወይም ከደረጃ ስንወድቅ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማን አስደረገብህ? የማን ዓይን ነው?» ይላል። በዚህ ንግግር ተታልሎ ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሄድ፥ ንጹሕ ባልንጀራውንም የሚጠላ ብዙ ነው። ሌላውም «እግዚአብሔር ስለ ኃጢአቴ መታኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፥ ከቀሩት የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረዳ። የሚሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሐ ጠራ እንጂ በሞቱት ላይ አልፈረደም።

እንግዲህ ምን ልታደርግ ይገባሃል? አስቀድመህ ሥጋህን ጠብቅ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነውና። ደም ቢፈስስህ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀህ ተጫነው። እሳት ቢያቃጥልህ ቅቤና ሊጥ አትቀባ፤ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት። አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳውን ሰው፥ እሳትን የመሰለ ሌላ አደጋ ካላስገደደህ በቀር፥ የሚያውቅ ሰው እስኪደርስ ከወደቀበት አታንቀሳቅሰው። አጥንትህ ቢሰበር ወደ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ከልክ ያለፈ እስራት የደሙን መሄጃ ዘግቶ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳልና። በአፈር የቆሰለ ሰው የመንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለውን መርፌ ይጠይቅ። ራሱን የተመታ ሰውም «ደኅና ነኝ» ቢል እንኳ፥ ቢያስመልሰው ወይም እንቅልፍ ቢከብደው ሳይዘገይ ይታይ። «እምነት ካለኝ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?» አትበል፤ ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ደጉ ሳምራዊም ለቆሰለው ሰው ከማዘን አልፎ ቁስሉን አሰረለት፥ የማደሪያውንም ዋጋ ከፈለለት።

ሁለተኛም፥ እውነትን ጠብቅ። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል፤ የካሣውም ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ድረስ መቅረብ አለበት። ይህን መብት መጠየቅ በቀል አይደለም፥ ኃጢአትም አይደለም። ነገር ግን ካሣው እንዲበዛልህ ያልታመመውን አካልህን ታመመ ብትል፥ ሳትመለከት መንገድ ገብተህ ሳለ ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ ብትጥል፥ ያላየውንም ሰው ለምስክርነት ብታቆም፥ በሥጋህ የተጎዳኸው አንሶ ነፍስህን በገዛ እጅህ ታቆስላለህ።

ሦስተኛም፥ ይቅርታን አትከልክል። የጎዳህ ሰው ሽማግሎች ይዞ በደጅህ ቢቆም ፊትህን አትመልስበት። ካሣን ዳኛ ይወስናል፤ ይቅርታን ግን ከአንተ በቀር ሊሰጥልህ የሚችል የለም። «እግሬ እያነከሰ እንዴት ይቅር እላለሁ?» ትል ይሆናል። ነገሩ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በአንድ ቀንም አይፈጸምም። ስለዚህ ቁስልህን በየጊዜው እንደምታሳጥብ፥ ልብህንም በየማታው በጸሎት በእግዚአብሔር ፊት ግለጠው። ስሙን ስትሰማ ቍጣህ ቢነሣ፥ በዚያው ሰዓት ስለዚያ ሰው ጸልይ።

በዳንህም ጊዜ፥ በመንገድ ወድቆ የምታየውን ሰው እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው አትለፈው። ሕመሙን አንተ ታውቀዋለህና። ይህን ታደርግ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳህ።