ወድቆ ሳይሰበር ስለ ተነሣው ስልክ

በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ የአንድ ምእመን ስልክ ከእጁ አምልጦ በድንጋዩ ደረጃ ላይ ሲወድቅ አየን። አንሥቶ ቢያገላብጠው ጭረት እንኳ አልነበረበትም፤ «ጊዮርጊስ አተረፈልኝ» ብሎ ተሳለመ። ምስጋናውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ተአምር ነውን? የብዙዎቹ ስልኮች መስታወት 400 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታስየም ጨው ውስጥ የተነከረ ነው። ትንንሹ የሶድየም ቅንጣት ከመስታወቱ ይወጣል፤ በስፍራውም ትልቁ የፖታስየም ቅንጣት ይገባል፤ ስለዚህ ገጹ ተጨናንቆ ስንጥቅ እንዳይከፈት ይከለክላል። ሆኖም ጠርዙን ሹል ጠጠር ካገኘው ይሰበራል። ይህን ማወቅ ምስጋናን አይቀንስም፤ ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ነገሩን ተአምር ብለን ብንሰብከው፥ በዚያው ደረጃ ላይ ስልካቸው ለተሰበረባቸው እናት ምን እንመልሳለን? ሰማዕቱ እርስዎን ናቀዎት እንበላቸውን? ልጃቸው ከባሕር ማዶ የሚደውልላቸው በዚያ ስልክ ነበር።