ፊትም በር አለው



በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር ካሜራ የያዘ እንግዳ ይበዛል። ፈረሰኛው ፈረሱን አስጊጦ አደባባይ የወጣው ሊታይ ነው፤ ቢያነሱት ደስ ይለዋል። አስጎብኚው እንግዶቹን ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዞ ሲሄድስ? ሐይቁን ማንም ፈቃድ አይጠይቀውም።

መንገድ ዳር እንጨት ተሸክማ የምትሄደው እናት ግን ለመታየት አልወጣችም። መኪናው ይቆማል፣ በመስኮት ትነሳለች፣ መኪናው ይሄዳል። አስጎብኚው ክፍያውን፣ እንግዳው ፎቶውን አገኘ። እሷን ሰላም ያላት እንኳ የለም።

«መንገድ ላይ ናት፣ ምን ችግር አለው?» እንል ይሆናል። ሱረቱ አን-ኑር 27ኛው አንቀጽ የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እንድናስፈቅድና ሰላምታ እንድናቀርብ ያዘናል። በሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ ዘው ተብሎ አይገባም። የሰው ፊትም እንደዚያው ነው።

ጉዳዩ የቱሪስት ብቻ አይደለም፤ ዳንግላ ገበያ ላይ ስልክ የምናወጣው እኛም አለንበት። መጀመሪያ ሰላም እንበል፣ እንጠይቅ። እምቢ ካሉን ስልኩ ወደ ኪስ ይመለስ። ለባለቤቱ ለማሳየት የምናፍርበትን ፎቶ ደግሞ ዛሬውኑ እናጥፋው።

አላህ የሰው ሐቅ ከመንካት ይጠብቀን።