ትዝታ ምስክር ይሆናልን?

«ትዝታ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ያለፈውን ማሰብ ማለት ነው፤ የቅኝትም ስም ነው። ስለዚህ የኋላውን ልናስታውስ ስንቀመጥ ዜማው ቀድሞን ገብቶ ይጠብቀናል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጸጋ ነው፤ ግን አደጋም አያጣውም። የሚያዜም ሰው ስለ ድምፁ ማማር እንጂ ስለ ነገሩ እውነትነት አይጠየቅምና። ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ትዝታ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ቢችልስ ለማን ይመሰክራል?

ነገሩን በባዶ ሜዳ ከማንሣት አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዞ መመርመር ይሻላል። በባዕድ አገር የጦር ሰፈር ያገለገሉ ወታደሮች ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ተሰባስበው የሚያወጉትን እንውሰድ። እንዲህ ያለው ወግ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን የቃኘው ጣቢያ ወግ ነው።

ቃኘው ጣቢያ ዛሬ የኤርትራ ርእሰ ከተማ በሆነችው በአሥመራ የነበረ የአሜሪካ የጦር ሰፈር ነው። አሜሪካኖች በ1935 ዓ.ም. ቀድሞ የጣሊያን ባሕር ኀይል የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ይዘው ሥራ ጀመሩ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ ውሉ ሊያበቃ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘና በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀው ሄዱ። ቦታው የተመረጠው ስለ ውበቱ አልነበረም። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ያ አምባ የሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ለመቀበል እጅግ የተመቸ ስለ ነበረ ነው። ስሙን ያገኘው ኮርያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ሲሆን፣ ሻለቃውም ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከ«አባ ቃኘው» የወረሰው ነው።

ከዚያ የተመለሱ ሽማግሌዎች ምን ያስታውሳሉ? የሰማዩን ጥራት፣ ቅዝቃዜውም ሙቀቱም የማይበረታውን የደጋ አየር፣ ጣሊያኖች የሠሯቸውን ቡና ቤቶች፣ የሜሎቲን ቢራ፣ በአስፋልቱ ላይ የሚያቃጭለውን ጋሪ፣ በግቢው ውስጥ የነበረውን የቦውሊንግ ጨዋታ፣ ከደጋው ተነሥቶ 118 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ምጽዋ የሚወርደውን የባቡር ሐዲድ። የዐሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ከትውልድ መንደራቸው ወጥተው አያውቁም ነበር። በወጣትነት የታየ አገር ከወጣትነት ጋር ተሰፍቶ ይቀራልና፣ ሽማግሌው «አሥመራ» ሲል ግማሹን የሚናገረው ስለ ራሱ ጉልበትና ጥርስ ነው። በዚህ ማንም አይቀየመውም።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል አንድ ነገር የለም፤ እርሱም ሥራው ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ አሥመራ የመጡት ለማዳመጥ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ የሌሎችን መንግሥታት የሬዲዮ ግንኙነት ይጠልፉ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የተተከሉት ሁለት ግዙፍ ሳሕን መሰል አንቴናዎች፣ ትልቁ ከዳር እስከ ዳር 45 ሜትር ያህል የሚሰፋው፣ ሶቪየት ኅብረት ወደ ጠፈር ያመጠቀቻቸውን መንኰራኵሮች ምልክት የሚለቅሙ ነበሩ። ሥራው ምስጢር ነበረ፤ ሠራተኛውም ምስጢሩን ላለማውጣት የታሰረ ነበረ። ስለዚህ ወታደሩ ሊተርክ የሚችለው ከሥራ ውጭ ያለውን ሰዓት ብቻ ሆነ። ቢራው ተወራ፤ ባሕሩ ተወራ፤ ሰፈሩ የቆመበት ምክንያት ግን በመጀመሪያ በሕግ ተዘለለ፣ ኋላም በልማድ ተረሳ። ምሰሶው የወጣለት ጎጆ እንዴት ቆሞ ይታያል? በትዝታ ዓለም ይታያል። እንዲያውም ሲያምር ይታያል።

ምክንያቱ ተዘለለ ስል ዋጋውም አብሮ ተዘሏል ማለቴ ነው። የዚያ ግቢ ኪራይ የተከፈለው በአብዛኛው በጦር መሣሪያና በወታደራዊ ሥልጠና ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ጦርነቱ ሲስፋፋ፣ በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. በኤርትራ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፣ መሣሪያው በየገጠሩ ሥራውን ይሠራ ነበር። በአጥሩ ውስጥ ኳሷ እየተንከባለለች፣ ከአጥሩ ውጭ መንደር ይቃጠል ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ተረታችን። ተረቱ ግን እዚህ ላይ ልክክ አይልም። ይህ ልጅ አልወጋም፤ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። የሌላውን ዓለም ሹክሹክታ በጆሮ ማዳመጫ እየለቀመ፣ የጎረቤቱን ጩኸት ያልሰማ ጆሮ ምን ይባላል?

በደለኛ ለማለት አልደፍርም። ባለማወቅና በማጥፋት መካከል ስፋት አለ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ላይ አለማወቅ የዕድሜና የትእዛዝ ጉዳይ ነው። የሞራል ጥያቄው የሚጸናው ልጁ ላይ ሳይሆን ሽማግሌው ላይ ይመስለኛል። ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆናለች። ያን ጊዜ ሊያውቀው ያልቻለውን ዛሬ ሊያውቅ ይችላል። ዐውቆም ትዝታውን እንደ ነበረ ሳያነካ ቢያስቀምጠው፣ አሁን አጥሩን የሚጠብቀው ራሱ ሆነ ማለት ነው።

«ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሙታናቸውን ቢያነሡ፣ ቢስቁ፣ ምን ክፉ አለው? የወግ ማዕድ እንጂ ችሎት አይደለም» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት አለው። ደግሞም ሳያስቡት ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ያነሧቸው ፎቶግራፎች የዚያን ዘመን አሥመራ ጎዳና፣ ገበያና አለባበስ ይዘው ቆይተዋል። ፎቶግራፍ ከአንሺው የበለጠ ያውቃል። ወታደሩ ጓደኛውን ሊያነሣ ሲል በስተኋላ ጥግ ላይ የቆመችው ልብስ አጣቢ አብራ ትገባለች፤ የጓደኛው ስምና ማዕርግ በጀርባው ሲጻፍ የእርሷ ግን ሳይጻፍ ይቀራል።

ስለዚህች ሴት ግን መጠንቀቅ ያሻል። አብሳዩ፣ ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ የቡና ቤት አሳላፊዋ፣ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ትዝታ አላቸው። በስማቸው ተነሥተን «ግቢው ለእናንተ ውርደት ብቻ ነበር» ብንላቸው ቃላቸውን ሁለተኛ መንጠቃችን ነው። ከመካከላቸው እንግሊዝኛውን፣ ደመወዙን፣ የልጆቹን ፍቅር በደስታ የሚያነሡ ይኖራሉ። በ1969 ዓ.ም. በሳምንት ውስጥ እንጀራቸው የተቋረጠባቸውም አሉ፤ ለእነርሱ የሰፈሩ መዘጋት ነጻነት ብቻ አልነበረም። የነርሱም ትዝታ ጣፋጭ ሊሆን መብት አለው።

እኛስ? ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ተሻግሮ ኮርያ ዘምቷል። ከ120 በላይ ወንድሞቻችን ወድቀዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። የእኛም ዘማቾች በረዶውን፣ ኮረብታውን፣ ጃፓን ውስጥ ያሳለፉትን የዕረፍት ቀን ያወጋሉ፤ ስለ ጃፓናዊት ቆንጆ የተዘፈነ ዘፈን በእኛም ዘንድ አለ። እርሷ ምን እንዳለች ጠይቀን እናውቃለን? የሰው ትዝታ በምንለካበት መስፈሪያ የእኛም ሊለካ ይገባል።

ሆኖም በእኛዎቹ ላይ ሌላ ነገር ደረሰ። ደርግ ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅ፣ ሰሜን ኮርያን የተዋጋ ሰው ትዝታውን በአደባባይ የሚያወራበት ዘመን አልነበረም። ያ ዝምታ ከቃኘው ጣቢያ ጣፋጭ ወግ ይልቅ እውነተኛ አልነበረም። ያልተነገረ ትዝታ አይታረምም። ብቻውን የሚያስታውስ ሰው «የለም፣ ያን ቀን ዝናብ ነበረ» የሚለው ጓደኛ የለውም። ጓደኞች ግን እርስ በርሳቸው ዝናቡንና ቀኑን ነው የሚያራርሙት፤ ሁሉም ከአጥሩ ወዲህ ናቸውና ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የሚያርምላቸው ሌላ ሰው ነው።

የጥንቱ የሙግት ሥርዐታችን ይህን ዐውቆበት ነበር። በዚያ ችሎት ማንም ብቻውን ተናግሮ አይቀመጥም፤ ባላንጣው ተነሥቶ «ተጠየቅ» ይለዋል፣ እርሱም «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። «ልጠየቅ» የሚለው ቃል ሽንፈት አይደለም፤ ለመናገር መብት የሚያበቃ ነው። ትዝታም ምስክር የሚሆነው እዚህ ላይ ሲደርስ ይመስለኛል፤ ጣፋጭነቱን ሳይጥል፣ ግን ሊጠየቅ ቆሞ።

ዛሬ የአሥመራ ልጆች በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይኖራሉ። የዚያች ልብስ አጣቢ ልጅና ያ ሽማግሌ ወታደር በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ሱቅ ይገበያዩ ይሆናል። እርሷ ስለ እናቷ ስም ብቻ ብትጠይቀው ምን እንደሚመልስላት ማወቅ እወድ ነበር።