ሶደቃው ይነገር፣ ገመናው ይሸፈን

 

በሰቆጣና በዙሪያዋ የሚንቀሳቀሱ የበጎ አድራጎት ክበቦችን ዜና ሳታዩ አትቀሩም። በክረምት የአቅመ ደካሞች ቤት ይጠገናል። በመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል። ደም ይለገሳል፣ ችግኝ ይተከላል። በረመዷን ማፍጠሪያ፣ በዐረፋ ሥጋ ይከፋፈላል። ከቀያቸው ተፈናቅለው ለመጡ ወገኖች ዱቄትና ብርድ ልብስ ይሰበሰባል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ያለ ምንም ክፍያ የሚደክሙ ወጣቶች ናቸው። አላህ ይቀበላቸው።

ዜናው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ፎቶ ይዞ ይወጣል። መሃል ላይ ዘይት የተቀበሉ እናት አሉ። ግራና ቀኝ የክበቡን ቲሸርት የለበሱ ልጆች ቆመዋል። ልጆቹ ካሜራውን ያያሉ፤ እናትየዋ መሬት መሬቱን ያያሉ።

የዛሬው ጥያቄያችን ስለዚህ ፎቶ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የምናነሳው ከሰጪው በኩል ነው። “ይሄ ሪያእ አይሆንም ወይ?” እንላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ ሶደቃን በይፋ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ደግሞ የበለጠ መሆኑን ነግሮናል። ስለዚህ በይፋ የሰጠ ሁሉ ለታይታ ሰጠ አይባልም፤ ልቡን የሚያውቀው ጌታው ነው። ኒያችሁን መመርመር ከፈለጋችሁ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ የሁላችንም ስልክ ዛሬ ባትሪ ቢጨርስ ኖሮ ዱቄቱን ተሸክመን ያንን ዳገት እንወጣው ነበር?

ነገር ግን ኒያችን እንደ ወተት ቢነጣ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የእናትየዋ ፊት የማን ነው? ኢኽላስ የእኛን ሥራ ያጠራልናል እንጂ የሌላን ሰው ሐቅ የእኛ አያደርገውም። ዘይቱን ሰጠናቸው፤ ፊታቸውን ግን አልገዛንም።

“የሰው ፊት እሳት ነው” ይባላል። ችግረኛ ሰው የአንድ ባለጠጋ ደጃፍ ለመቆም ስንት ቀን ከራሱ ጋር ይሟገታል። እኛ ፎቶውን ስንለጥፍ በአንድ ጊዜ ሺህ ሰው ፊት እናቆመዋለን። ሰቆጣ ደግሞ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የልጁ ፎቶ ማታ ወጥቶ ጠዋት የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል። ከአበርገሌ ተፈናቅሎ የመጣው አባት ትናንት የራሱ ቀፎ፣ የራሱ ፍየሎች የነበሩት፣ ማር ሲቆርጥ ለጎረቤት የሚያቀምስ ሰው ነበር። አላህ በዚያው ሱራ ከጥብቅነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉትን፣ ሰውን ችክ ብለው የማይለምኑትን ድሆች ያነሳልናል። የእነዚህን ሰዎች ትልቁን ሀብት፣ ይሉኝታቸውን፣ በአምስት ሊትር ዘይት እንዴት እንወስድባቸዋለን?

“ፈቅደው እኮ ነው የተነሱት” የሚል ይኖራል። ዱቄቱን በእጃችን ይዘን “ፎቶ እናንሳዎት?” ስንል፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቁ ልጆች ያሏት እናት “አይሆንም” የምትልበት አቅም አላት? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታ ፈቃድ አይባልም።

ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን የጀሪር ኢብን ዐብደላህን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስታውሱ። ከሙደር ጎሳ የሆኑ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑና የተጎሳቆለ ልብስ የለበሱ ሰዎች መዲና መጡ። ችግራቸውን ሲያዩ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ተለወጠ። ከሶላት በኋላ ሰዉን ለሶደቃ ቀሰቀሱ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው እስኪያቅተው የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሌላውም ተከተለ። የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። ያኔ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በደስታ በራ። መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የተከተሉትን ሰዎች ያህል አጅር እንደሚያገኝም ያስተማሩት በዚሁ ቀን ነው።

ይህ በይፋ የተደረገ ዘመቻ ነው፤ ዜናውም እስከ ዛሬ ደርሶናል። ግን ልብ በሉ። ከተቀባዮቹ የአንዱም ስም በዘገባው የለም። ሰጪው እንኳ “የአንሷር ሰው” ተብሎ ታልፏል። ፊታቸው በሐዘንም በደስታም የተገለጸልን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ብቻ ናቸው።

“ከአዲስ አበባና ከጅዳ ብር የሚልኩልን ሰዎች ማስረጃ ይፈልጋሉ” የምትሉ የክበብ አባላት ልክ ናችሁ። ብሩ አማና ነው። አላህ በቁርኣን ረጅሙን አያ ያወረደው ብድርን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ስለዚህ ጻፉ። ደረሰኙን አሳዩ። የተገዛውን ኩንታል፣ የተለወጠውን ቆርቆሮ ፎቶ አንሱ። የተቀባዮች ዝርዝር ፊርማ ይዞ በኮሚቴው እጅ ይቀመጥ፤ የሚጠራጠር ካለ ከለጋሾቹ የታመነ ሰው መጥቶ ይመርምር። ዕድራችን ስንት ዘመን የኖረው እንዲህ አይደለም? ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል፤ ሐዘንተኛው ግን ገንዘቡን ሲቀበል ማንም ፎቶ አያነሳውም።

አሁን ከባዱን ክርክር እናንሳ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታ ጎረፈ። ያ ፊት ባይታይ ኖሮ ስንት ሰው ይሞት ነበር?

እውነት ነው። ግን ያ ምስል የተደበቀን ረሃብ ያጋለጠ ምስክርነት ነበር። ከረሃብተኛው ጎን ቲሸርት ለብሶ የቆመ ሰጪ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዘመን የተቀረጹ ምስሎች ዋጋ አስከፍለዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በላይቭ ኤድ ኮንሰርት ፊቷ ለዓለም የታየው ሕፃን ብርሃን ወልዱ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ለንደን መድረክ ላይ ስትቆምም የቀረበችው በዚያው ምስል ነበር። ረሃቡ አለፈ፤ ምስሉ ግን አላለፈም። እኛ የዋግ ሰዎች ይህን በከተማችን ስም እናውቀዋለን። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ተባለ። ቃሉ መልካም ነው። ግን አንድ ስም ከረሃብ ጋር አንዴ ከተያያዘ ለመላቀቅ ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ አስቡ። የአንድ ሕፃን ፊትስ?

ስለዚህ ችግር ተደብቆ ሰው የሚያልቅ ከሆነ ምስክርነት ግዴታ ሊሆን ይችላል። የክበባችንን ሥራ ለመዘገብ ግን የማንም ገመና አያስፈልገንም።

ክበብ ውስጥ ያላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ወደ ዕቃው አዙሩት። የቆዩትን ፎቶዎችም ተመልሳችሁ አጥፏቸው፤ ማጥፋቱም ሶደቃ ይሁንላችሁ። ብር የምትልኩ ደግሞ “ፎቶ ላኩልን” ከማለት “ሒሳቡን ላኩልን” በሉ። ካሜራው የሚወጣው እኛ ስለምንጠይቅ ነውና።

ያ አላህ፣ የሚሰጡትን እጆች ባርክ፤ የሚቀበሉትን ፊቶች ጠብቅ። በቂያማ ቀን የእኛን ነውር ሸፍንልን፤ ዛሬም የወንድሞቻችንን ገመና የምንሸፍን አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።