ዳኛ በሌለበት ጨዋታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ ወደ ሐረር የሚጓዝ መንገደኛ፣ የቆላውን ሙቀት ወደ ኋላው ትቶ የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ሲጀምር አሰበ ተፈሪን ያገኛል፤ የዛሬ ስሟ ጭሮ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ያው የፋቡላ ደራሲ፣ ጨርጨርን ያስተዳድሩ በነበሩበት ዘመን የተደራጀች ከተማ ናት። በዚህች ከተማ፣ እንደዚሁም በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ፣ የቡናውና የጫቱ ገበያ ጋብ ሲል ከየበረንዳው የኳሶች ግጭት ይሰማል። ወጣቶች ፑል የሚጫወቱበት ሰዓት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ኪራይ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ተራውን የሚጠብቀውን ይገጥማል። ዳኛ የለም።

ከእነዚህ በረንዳዎች በአንዱ አንድ ምሽት ቆመን ስንመለከት፣ ሊመታ ያጎነበሰ ወጣት የእጅጌው ጫፍ አንዲት ኳስ ነካ። ተጋጣሚው ወደ መንገዱ ዞሮ ነበርና አላየም፤ ከተመልካቾቹም ያየ አልነበረም። ወጣቱ ግን ቀና ብሎ «ነክቻለሁ» አለና ተራውን ለቀቀ። ጨዋታውንም ተሸነፈ፤ ኪራዩንም ከፈለ። ከጓደኞቹ አንዱ «ጅል ነህ!» ሲለው፣ በስተኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ተወው፤ ልክ ነው» አሉ። ጥቂት ሳንቲም ስለምታወጣ ነገር የተነገሩት እነዚህ ሁለት ፍርዶች ከዚያ ወዲህ ከአሳባችን አልወጡም።

ለነገሩ የፑል ዘመድ የሆነው ስኑከር ይህን ጥያቄ በታላቅ አደባባይ ያቀርበዋል። ጨዋታው በ1875 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር፣ በጀበልፑር ሰፍረው በነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች መካከል እንደ ተፈጠረ ይነገራል። አሥራ አምስት ቀይ ኳሶች፣ ከሁለት እስከ ሰባት ነጥብ የሚያወጡ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች፣ አንዲት ነጭ ኳስ፤ መሣሪያው ይኸው ነው። የሙያተኞቹ የውድድር ዓመት በእኛ ክረምት መግቢያ አካባቢ ይጀምርና ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ከርሞ፣ በሚያዝያ መጨረሻ በሼፊልድ ከተማ በሚፈጸመው የዓለም ሻምፒዮና ይዘጋል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ውድድር የሚደረግበት የክሩሲብል ቴአትር የሚይዘው ከአንድ ሺሕ ያነሰ ሰው ስለሆነ፣ በዝምታው ውስጥ የኖራው ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ አለ። ሆኖም ዳኛው ያላየውን ጥፋት ተጫዋቹ ራሱ እንዲናገር የጨዋታው ልማድ ይጠይቀዋል። የተጫዋቾቹ ማዕርግ የሚቆጠረው በሁለት ዓመት ውስጥ በተሸለሙት ገንዘብ ስለሆነ፣ ይህች አንዲት ቃል ከጭሮው ኪራይ እጅግ የበለጠ ዋጋ ልታስከፍል ትችላለች።

ስለዚህ፣ እውነትን የሚያናግረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ይሉኝታ ነው የሚል ነው። በውድድር ዓመቱ የሚገናኙት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ያታለለ ነገ ከዚያው ሰው ፊት ይቆማል። በጭሮም እንዲሁ ነው። በማግስቱ በዚያው በረንዳ ስናልፍ፣ ያ ወጣት በአንድ አከራካሪ ምት «አልነካሁም» ቢል ተጋጣሚው ሳይከራከር ተቀበለው። ይህም እውነተኛነት የረቀቀ የሒሳብ ሥራ ነው ለሚሉት ምስክር እንደሚሆን አልተሰወረብንም።

ነገር ግን ይሉኝታ የሰው ዐይን ይሻል፤ በዚያ ምሽት ዐይን አልነበረም። «በዐይን ሥር ያደገ ሰው ዐይኑን በውስጡ ይዞ ይዞራል» የሚለን ቢኖር፣ አንክድም። የቡና ችግኝ በዳስ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ሲጠነክር ዳሱን ትቶ ወደ ማሳ ይወጣል። ቡናው ሲያፈራ ግን ፍሬው የዳሱ ነው የሚል የለም። ሕሊናችን ከይሉኝታ ጥላ ሥር መብቀሉ ለእኛ ውርደት መስሎ አይታየንም።

የሚያስቸግረን ሌላ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አሥር የቻይና ተጫዋቾች ከውርርድና ከተሸጡ ግጥሚያዎች ጋር በተያያዘ ጥፋት ተቀጡ፤ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። እነዚህ ሰዎች ያደጉት ጥፋትን ራስ የመናገር ልማድ በጸናበት ጨዋታ ውስጥ ነው። ታዲያ የውስጡ ዐይን የት ሄደ? እኛ እንደሚመስለን፣ ኳስ የነካ ሰው የሚበድለው ፊቱን የሚያየውን ባላንጣ ነው፤ በውርርድ የሚበደለው ግን ፊት የለውም። በቅርብ ዓመታት በከተሞቻችን የተስፋፋውን የእግር ኳስ ውርርድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘቡ የማን እንደ ነበረ ያሸነፈውም የተሸነፈውም አያውቅም።

ከተቀጡት አንዱ ዣኦ ሺንቶንግ ነበር። ራሱ ግጥሚያ አልሸጠም፤ በሌላው ሽያጭ ተባባሪ መሆኑንና መወራረዱን ግን አመነ። ሠላሳ ወር ሊሆን ይችል የነበረው ቅጣት፣ ቀድሞ ስላመነ ሃያ ወር ሆነለት። ቅጣቱን ጨርሶ ከማጣሪያው ጀምሮ ተጫወተና በ2025 እ.ኤ.አ. ማርክ ዊልያምስን 18 ለ12 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከቻይናም የመጀመሪያው ነው። ዋንጫው ይገባዋል? የምዕራብ ሐረርጌ የኦሮሞ ሽማግሎች በጃርሱማ ነገር ሲያስታርቁ በዳዩ በደሉን በአፉ ይናገራል፣ ካሳውንም ይከፍላል፤ ከዕርቅ በኋላ ያንኑ በደል መልሶ ማንሣት ራሱ ነውር ነው። በዚህ ሚዛን ዣኦ ዕዳውን ከፍሏልና ዋንጫውን ልንነፍገው አንደፍርም። ሆኖም በጃርሱማ ተበዳዩ እዚያው ተቀምጦ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። የተሸጠውን ግጥሚያ እውነት መስሎት ገንዘቡን ከፍሎ የተመለከተውን ሰው ማን ጠርቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል?