ጁምዓና የአባትህ ትንፋሽ



ወንድሜ፣ የጁምዓ ሰዓት ደርሷል። ገላህን ታጥበህ ጀለቢያህን ለብሰሃል። አባትህ ግን አልጋ ላይ ናቸው። አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸዋል፤ ሐኪሞቹ ትራኪኦስቶሚ ይሉታል። የሚተነፍሱት በእሱ ነው። አየሩ በጉሮሯቸው ስለማያልፍ ድምፅ የላቸውም። አክታ ቱቦውን ቢዘጋው «ልጄ ድረስልኝ!» ብለው መጣራት አይችሉም። እቤት ደግሞ ከአንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ የለም። ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?

ቡኻሪ የዘገቡትን ስማ። ጀነት ከተበሰረላቸው አስሩ ሶሐቦች አንዱ የሆኑት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በጁምዓ ቀን መታመማቸው ለኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ተነገራቸው። ረፋዱ ላይ ተነስተው ወደ በሽተኛው ሄዱ፤ የዚያን ቀን ጁምዓም ቀረባቸው። ሱና በመከተል የሚታወቁት ኢብኑ ዑመር ናቸው ይህን ያደረጉት! ዑለማኦችም ሌላ አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ መንከባከብ ለጁምዓ ዑዝር እንደሚሆን ገልጸዋል። ስለዚህ አባትህ ዘንድ ቅር፤ ዙህርህን አራት ረከዓ ስገድ።

ይህ ግን ለስንፍና በር አይክፈትልህ። እህትህን ወይም ጎረቤትህን አሠልጥን፤ የሚተካህ ሲኖር ወደ መስጂድህ ትሄዳለህ።

ኺድማህንም አሳምረው፤ ኢሕሳን በሶላት ብቻ አይደለም። ቱቦውን ከመንካትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ። ውስጠኛውን ቱቦ ሐኪም ባሳየህ መንገድ እያወጣህ አጽዳ። አክታ በሳክሽን ስትስብ ከተለካልህ ጥልቀት አትለፍ፤ የምትስበው ስታወጣ ብቻ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድም አይብለጥ። ያኔ አንተም ትንፋሽህን ያዝ። አንተን ሲጨንቅህ እሳቸውንም ጨንቋቸዋል። የአንገት ማሰሪያው ሥር አንድ ጣት ብቻ ይግባ። መለዋወጫ ቱቦ ከአልጋው አጠገብ አይጥፋ። ዉዱእ ስታስደርጋቸው ውኃ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ተጠንቀቅ። የጁምዓ ዕጣንና የከሰል ጭስም ከክፍላቸው ይራቅ፤ አየሩን የሚያጣራላቸው አፍንጫ ዛሬ ከመንገዱ ውጪ ነው።

አክታው ቢያስጠላህ፣ ሌሊት መነሳቱ ቢያሰለችህ፣ ሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ «ኡፍ» ማለትን እንኳ እንደከለከለን አስታውስ። ያንተን ንፍጥ በእጃቸው የጠረጉት እሳቸው ናቸው። ያኔ ማን ቆጠረባቸው?

ጠዋት ስትነሳ ትንፋሽህ ያለ ማንም እርዳታ ገብቶ ወጥቷል። ስንት ቀን በዚህ አላህን አመሰገንክ? አንገታቸውን አጽድተህ ስትጨርስ የአባትህን ከንፈር ተመልከት፤ ይንቀሳቀሳል። አንተ አትሰማውም፤ ዱዓቸውን ግን ሰሚው ጌታ ይሰማዋል። ምናልባት በዚያ ዱዓ ውስጥ ስምህ አለ።

ያ አላህ! በሽተኞቻችንን አሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውንም ሰብር ስጣቸው። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!