የስሚ ስሚ ዕዳ

የስደተኛ ረኀቡ የአገር ወሬ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ከአገር ስንወጣ ይህን ረኀብ የሚያስታግሥልን በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ደብዳቤ ነበር። አንዱ ደብዳቤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ እጥፋቱ እስኪበጣጠስ ድረስ ይነበባል። ወሬው ወር ያለፈው ቢሆንም፣ ጸሐፊው የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የት ቆሞ ምን እንዳየ እናውቅ ነበር። ዛሬ ወሬው በደቂቃ ውስጥ መዳፋችን ላይ ይደርሳል፤ ከማን አፍ እንደ ወጣ ግን የሚነግረን የለም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ራሳችን ያልፈጠርነውን፣ ነገር ግን ተቀብለን ያስተላለፍነውን ሐሰት ኅሊናችን ይጠየቅበታልን?

ጥያቄው የተነሣው ከገዛ ጥፋታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት የሟቾችን አስከሬን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በእጅ ስልካችን ደረሰን። ከሥሩ በአገራችን ያለች የአንዲት ወረዳ ስም ተጽፎበታል። አዘንን፤ ተቈጣንም። ቍጣችን ሳይበርድ ለሠላሳ ያህል ወዳጆች አስተላለፍነው። አንዱ ለሌላው ሲያቀብል፣ ፎቶግራፉ እናቷ በዚያች ወረዳ ከሚኖሩ አንዲት እኅታችን ዘንድ ደረሰ። ወደ አገር ቤት ብትደውል መስመር የለም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም፤ ጎረቤትም ለልቅሶ ተሰበሰበ። በሦስተኛው ቀን እናቷ በጤና መኖራቸው ተሰማ። ፎቶግራፉም ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ሆኖ ተገኘ።

ማረሚያ ጽፈን ለሠላሳዎቹ ላክን። እነርሱ ግን ለማን ለማን እንዳቀበሉት አያስታውሱም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት አባቶቻችን ስልክ ሳያዩ ነገሩን ዐውቀውት ኖሯል። ይቅርታ ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ እኅታችን አንዲት ቃል ተናገረችን። «እርስዎ ልከውት ነው ሲሉኝ ነው ያመንሁት» አለች። እኛ «የሰማነውን አሰማን እንጂ ምን አጠፋን?» እያልን ራሳችንን ስናጽናና ነበር። ለካስ ከፎቶግራፉ ጋር ስማችንንም ልከን ኖሯል። ያስተላለፈ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ለነገሩ ዋስ ሆኗል።

በዚህ ጥፋት ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ ነበር። ሐሰተኛው ወሬ በሌሎች ሰዎች ዳግመኛ የመሠራጨት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። አጥኚዎቹ ይህን ልዩነት ያመጡት ሰዎች ራሳቸው እንጂ መሣሪያዎች አለመሆናቸውን ገለጹ። ሐሰቱ አዲስና አስደናቂ ስለሚመስል እጃችን ይፈጥንለታል። በዚያው ዓመት በሕንድ አገር «ልጆች የሚሰርቁ ሰዎች መጥተዋል» የሚል ወሬ በዋትስአፕ እየተላለፈ፣ ምንም ያልበደሉ መንገደኞች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ማስተላለፍ እንዳይቻል በዓለም ዙሪያ ወሰነ። ቍጥሩን መወሰን ይቻላል፤ የአምስቱን ወሬ እውነትነት መመርመር ግን አሁንም ለላኪው የተተወ ነው።

«እንግዲያስ ዝም እንበል?» የሚለን ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ዝምታም ይገድላልና። በወሎ በ1965 ዓ.ም. ወገኖቻችን በረኀብ ሲረግፉ ነገሩ በባለ ሥልጣኖች ተሸፍኖ ቆየ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ድረስ ሄዶ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ነቃ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣም ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ ወሬ ሲቃርም የኖረበትን ጭንቀት አንረሳውም። እውነቱ በተዘጋበት ቦታ ሐሰቱ ያለ ተቀናቃኝ ይነግሣል። ስለዚህ የተበደለን ጩኸት ማሰማት ግዴታ ነው። ነገር ግን ጋዜጠኛው ከቦታው ደርሶ በዐይኑ አየ፤ ስሙንም ሰጠ። እኛ በዚያች ምሽት ያየነው ስልካችንን ብቻ ነበር።

ያም ፊልም ቢሆን የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ የረኀቡን ሥዕል ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀጠላቸው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ሕዝቡ በሚገባ ተቈጣ። ቍጣ ፍርድን በቀደመበት በዚያ ወራት፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። እንግዲህ ሥዕሉ እውነት መሆኑን መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ቍጣችንን ወዴት ሊነዳው እንደ ተዘጋጀም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በስደት ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ኀላፊነቱ ይከብዳል። ቃሉ ከእኛ ይወጣል፤ እሳቱ የሚነደው ግን እዚያ ነው። እኛ በሰላም አገር፣ በሞቀ ቤት ተቀምጠን «ተነሡ፣ ተበቀሉ» የሚል ወሬ ስናቀብል፣ ጎጆው የሚቃጠልበት ሰው እኛ አይደለንም። በገዛ ሥጋው የማይከፍል ሰው ቃሉን አብዝቶ ሊመዝን ይገባዋል።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። እኛ የጨመርነው መላ ትንሽ ነው። ወሬ ሲደርሰን፣ ያየው ማን ነው? ስሙን የሰጠበትስ አለ? ሐሰት ቢሆን ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? ብለን እንጠይቃለን። መልስ ካጣን «አናውቅም» እንላለን። አስተማሪ ሆኖ ለኖረ ሰው ይህች ቃል ትከብዳለች፤ ቢሆንም ለመድናት። ነፍስ የሚያድን አስቸኳይ ነገር ካልሆነ በቀር፣ በሌሊት የመጣውን ወሬ ሳይነጋ አናቀብልም።

ያች እኅታችን ይቅር ብላናለች። እናቷም እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ፎቶግራፉ ግን ባለፈው ዓመት ተመልሶ ወደ ስልካችን መጣ፤ የወረዳው ስም ተለውጧል። የላከልንን ወዳጅ ደውለን፣ «ይህን ያየው ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ እንጃ፤ ሰው ላከልኝ» አለን።